የውሻው ተራ

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባሌ የጭነት ማኪና ረዳት ነበር፤ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ በዛሪማ አድርጎ አስመራ ይመላለሳል። እኔ ጎንደር አራዳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሦስት ቤት በአንድ አጥር ያለበት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። አባቴ ከዳባት ሊጠይቀኝ መጣና ባሌ ሳምንት ሙሉ ቤቱ እንደማያድር አየ። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ቡችላ በስልቻ አድርጎ በበቅሎ ጭኖ አመጣልኝ።

"ሰው ካጣሽ ይኼ ይጩህልሽ" አለኝ።

ስም አላወጣንለትም። ውሻው ነው የምንለው።

ሲያድግ የሚጮኸው ለእኔ ብቻ አልሆነም። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት ሙስሊሞች ናቸው፤ ባልየው አቡጀዲ ይሸጣል፣ ከሱቅ የተረፈውን ጣቃ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጣል። ሚስቱ በዕድሜ እኩያዬ ናት። አይጥ ጨርቁን እንዳይበላባቸው ግራጫ ድመት ነበረቻቸው። በር አጠገብ ባለው ቤት ጠላ የሚሸጡ ባልቴት ይኖራሉ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ጠጪ ሲገባና ሲወጣ የግቢው በር ተዘግቶ አያውቅም።

ውሻው ለሦስቱም ቤት ይጮኻል፣ የሚበላው ግን ከእኔ ቤት ብቻ ነው። ይኼ ልክ አይደለም አልኩና አንድ ቀን ሁለቱንም ጠራኋቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ያንቺን ውሻ እኔ ልቀልብልሽ?" አሉ እትዬ።

"ባለፈው አጥር የዘለለውን ሌባ ሱሪውን የቀደደው ማን ደጅ ላይ ነው?"

"እኔ ደጅ ላይ።"

"እንግዲያውስ!"

"ድመቷስ? እሷም ተራ ይውጣላት?"

"ድመቷ ከሦስቱም ቤት ትበላለች። ተራዋን ራሷ አውጥታለች።"

የነጋዴው ሚስት ሳቀች። እውነትም ድመቷ ጠዋት እኔ ምድጃ ዳር፣ ከሰዓት እትዬ ብቅል ላይ፣ ማታ ባለቤቶቿ ጋ ነበረች። ማንም ከልክሏት አያውቅም። ውሻው ደጅ ቆሞ ያያታል።

በአገሬ ጥጃ የሚጠበቀው በተራ ነው። ዛሬ እኛ ቤት ያግዳል፣ ነገ ጎረቤት። ያንኑ ለውሻው አደረግሁት። ተራው የደረሰው ቤት ጠዋት ያስረዋል፣ ቀን ውኃ ይሰጠዋል፣ ፀሐይ ስትገባ ፈትቶ እራቱን ያበላዋል። በነጋታው ሌላው ቤት። ተስማማን።

የነጋዴው ሚስት አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። "መመገቡን እመግበዋለሁ። ምራቁ ልብሴን ከነካኝ ግን እንዴት እሰግዳለሁ?"

ደገኛ ውሻውን ሲያስር ከአንገቱ ቀጥሎ አጭር ዱላ ያደርጋል፣ ገመዱን በጥርሱ እንዳይበጥሰው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስረው። "ዱላውን ያዢ፣ ውሻውን አትንኪ" አልኳት። ያዘች። ከእኔ ይልቅ ለእሷ ሸጋ ሆኖ ይታሰርላት ነበር። በጾም ወራት እኔና እትዬ ሽሮና የምስር ትርፍራፊ ስናቀርብለት አጥንት የሚያገኘው በእሷ ቀን ነው። ቀኗን ያውቃል። ጠዋት ደጇ ላይ ሄዶ ይተኛል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እብድ ውሻ ገበያ ውስጥ ሰው ነከሰ። ረቡዕ ዕለት የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ጥሩምባ እየነፋ በሰፈሩ ዞረ።

"ውሻ ያለህ እሰር! እስከ እሑድ፣ ማታ ማታ፣ መርዝ ይጣላል! ያልታሰረ ውሻ ባለቤት የለውም!"

እኛ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሻው ከታሰረበት ጮኸበት።

"ይኼ የማን ነው?"

"የግቢው ነው" አለች የነጋዴው ሚስት።

"ግቢ ውሻ አያስርም። ሰው ንገሩኝ።"

"ዛሬ የኔ ነው፣ አያ" አልኩት።

"ነገስ?"

"ነገ የሷ። ዓርብ የእትዬ።"

ጥሩምባውን በብብቱ አድርጎ ሳቀ። "ውሻውን ማኅበር አደረጋችሁት በሉኛ! ይሁን። ብቻ ያልታሰረ እንደሆን የማኅበሩን ዳኛ አልጠይቅም።"

የዚያን ዕለት ማታ እራቱን አበላሁትና መልሼ አሰርኩት። ሐሙስ ጠዋት እህቴ ወልዳ ነበርና ልጠይቃት ወደ ጠዳ ሄድኩ። ስወጣ ለሁለቱም ነገርኳቸው። "በልቶ ሲያበቃ መልሳችሁ እሰሩት" አልኩ። "እሺ" አሉ ሁለቱም። የሰማሁት እሺታ የሁለት ሰው ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ በጭነት ማኪና ተሳፍሬ ተመለስኩ። ውሻው ከበሩ ውጭ፣ ከቦዩ ዳር፣ በጎኑ ተጋድሟል። እግሮቹ እንደ እንጨት ቀጥ ብለዋል። አፉ ዙሪያ አረፋው ደርቆ ነጭ ሆኗል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ድመቷ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ለእህቴ የወሰድኩት ዘንቢል ባዶውን በእጄ ነበር። መሬት አስቀመጥኩት።

አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ "ማን ፈታው?"

"እኔ" አለች የነጋዴው ሚስት። "እንደ ወትሮው ፀሐይ ስትገባ ፈትቼ አበላሁት።"

"ምነው መልሰሽ አላሰርሽው?"

"ፀሐይ ገባችና! ፀሐይ ከገባች ዓርብ ገብቷል። እኛ ጋ ሌሊቱ ለሚመጣው ቀን ነው፣ ለሄደው አይደለም። ተራው ለእትዬ አልፏል። ደጃቸው አድርሼ፣ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ገባሁ።"

"እኔ ምን አውቄ?" አሉ እትዬ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ዓርብ ሲነጋ ነው ዓርብ። ማታውማ የሐሙስ ማታ ነው። ታስራዋለች ብዬ ለሰው ጠላ እቀዳ ነበር።"

"እትዬ፣ ቅዳሜ ፀሐይ ከገባች ወዲያ እሑድ ገብቷል ብለው ወፍጮ አይነኩም" አለቻቸው። "ያስ?"

"እሱ ለእግዜር ነው፤ ይኼ ለውሻ ነው!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር።

የሆነው እንግዲህ ይኼው ነው። ጠጪዎቹ ሲወጡ በሩ ክፍት ቀረ። የጾም ጊዜ ነው፣ ከተማው ሁሉ ሥጋ አይሸትም፤ መርዝ ተደርጎበት የተጣለው ሥጋ ብቻ ይሸታል። ውሻው ወጣ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። በግቢው ውስጥ ውኃ የመቅዳቱም፣ ደጅ የመጥረጉም ጭቅጭቅ ሲነሳ ይኼ ልክ ነው ይኼ ልክ አይደለም የምለው እኔ ነበርኩ። አንዷ ላይ እንድፈርድ ጠበቁ። አሰብኩ። የነጋዴው ሚስት እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷ ነው የቆጠረችው። እትዬም እንደዚያው። ቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ የጠየቀ አልነበረም፤ የተናገረም የለም። ሁለቱም ልክ ናቸው። በልክ ሰው ላይ ምን ይፈረዳል?

ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው ጋሪ አስከትሎ መጣ። ጋሪው ሞልቶ እግርና ጅራት ይንጠለጠላል።

"ጋሪዬ ሞልቷል። ባለቤት ያለውን ባለቤቱ ቀሃ ወንዝ ወርዶ ይጣለው" አለ። ከዚያ አወቀን። እንደዚያን ዕለት አልሳቀም። "ዛሬ ተራው የማን ነው?"

በዚህ እንኳ ክርክር አልነበረም። ረፋድ ነው፤ በሁለቱም አቆጣጠር ዓርብ ነው።

"የኔ" አሉ እትዬ።

ወገባቸውን የሚያማቸው ሴትዮ ናቸው። ጎንበስ ብለው ገመዱን አንገቱ ላይ አሰሩ። ጎተቱ፤ ትንሽ ሄደና ቆመ። የነጋዴው ሚስት ግቢ ገብታ ግድግዳው ላይ አስደግፋው የነበረውን ዱላ አምጥታ ገመዱ ላይ ቋጠረችው። አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች፣ ሌላውን እትዬ። ዱላውን ጎን ለጎን ይዘው እየጎተቱ በአቧራው ቁልቁል ወረዱ። ድንጋይ ሲይዘው ይቆማሉ፣ ያላቅቃሉ፣ ይሄዳሉ።

እኔ አልተከተልኳቸውም። ተራዬ አልነበረም። ዘንቢሌን አንስቼ ገባሁ፣ ምድጃውን ጠረግሁ፣ እሳት ሳላነድ ተቀመጥሁ።

ሲመለሱ እትዬ ገመዱን አላመጡም። ዱላው ግን የነጋዴው ሚስት እጅ ላይ ነበር። ደጄ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ማታ መርዝ ጣዮቹ ሲያልፉ ሰማኋቸው፤ ከእኛ ግቢ የጮኸ የለም።

ቅዳሜ ተራው የኔ ነበር። ጠዋት ተነስቼ ትርፍራፊውን በውኃ አርሼ ወደሚበላበት ስባሪ ማሰሮ ወሰድኩ። የሚበላው ውሻ እንደሌለ አላጣሁትም። ተራዬ ስለነበር ነው። ገለበጥኩትና ቆምኩ። ድመቷ መጣች፣ አሸተተች፣ ጥቂት በልታ ፊቷን አዞረች። የቀረው እዚያው ዋለ፤ ወፍ ለቀመው።

ባሌ በዚያው ቀን ከአስመራ ገባ። "ውሻውስ?" አለ። "ሞተ" አልኩት። "ሌላ አመጣለሁ" አለ። "አታምጣ" አልኩት።

ፀሐይ ስትገባ የነጋዴው ሚስት በሯን ከፍታ ወጣች። አጥንት በሳህን ይዛለች። እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ነበር። ማሰሮው ዘንድ ስትደርስ ቆመችና አየችኝ።

"እሑድ ገብቷል፤ ተራው የኔ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ።

እትዬ ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ። በኔ አቆጣጠር እስኪነጋ ተራው የኔ ነው።

"ገብቷል" አልኳት።

አጥንቱን አስቀምጣ ገባች። ድመቷ ከእትዬ ቤት ወጥታ ወደ ማሰሮው ሄደች። እትዬ ተከትለዋት ወጡና ጠጪ ተቀምጦ ሳለ የግቢውን በር ዘጉት። ከዚያ ወዲያ በእኛ ግቢ ውኃ የመቅዳቱም፣ ደጅ የመጥረጉም፣ የሁሉም ተራ የሚለወጠው ፀሐይ ስትገባ ሆነ። ማንም አልተከራከረም።