የወፍጮ ቤቱ ስልክ

አማል አሶሳ ውስጥ በአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ሳይሆን ፕሮግራሙን የገዙ ሰዎች እንዲጀምሩበት ማገዝ ነው። መድኃኒት ቤትም ሆነ ማኅበር እስከዛሬ የያዘውን መረጃ ይሰጣታል፤ እሷ አስተካክላ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ታስገባለታለች። ባዶ ስክሪን ያየ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የራሱን ሰዎች ስም ሲያይ ግን ወንበሩን ያስጠጋል። አማል ይህን ማየት ትወዳለች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ የሄደችው ባምባሲ አጠገብ ወዳለ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ አንድ ትራክተር አለው፤ አባላቱ በየተራ ያርሱበታል። አማል የተራውን ፋይል ስታስገባ ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ስልክ ቁጥር ያላቸውን ስሞች አዋሃዳቸው። ሁለቴ የተጻፉ ሰዎች መስለዋት ደስ አላት። ለሊቀመንበሩም የተደጋገመው መጽዳቱን ነገረችው።

በሳምንቱ ለሥልጠና ስትመለስ ዐርዋን የማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ዐርዋ ባሏ ወገቡን ታሞ ከተኛ ወዲህ ማሽላዋን ብቻዋን የምትዘራ ሴት ናት። ትራክተሩ ጠዋት የጎረቤቷን የሰንበቴን መሬት አርሶ የእሷን አልፎት ሄዷል። ሹፌሩ ስምሽ የለም ብሏታል። ተራው ዞሮ እስኪመጣ ደግሞ የዘር ጊዜው ያልፋል።

«ከሰንበቴ ቀጥሎ እኔ ነበርኩ» አለች ዐርዋ። «ኮምፒውተር ገባ፣ እኔ ጠፋሁ።»

አማል በስሟ ብትፈልግ አጣቻት። ቅጽ ላይ በሰጠችው ስልክ ቁጥር ስትፈልግ የመጣው የሰንበቴ ስም ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የወንድምአገኝ፣ የወፍጮ ቤቱ።»

«የእርስዎስ?»

«እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። እሱ ከፍታው ላይ ነው፤ ሲደወል ይጠራናል።»

በዐርዋ መንደር የሴቶቹ ሁሉ ስልክ ይኸው ነበር። ቅጽ ሲሞሉ የሚሰጡት እሱን ነው፤ ወንድምአገኝም መልእክት ሳያደርስ ወፍጮውን አያስነሳም። አማል ራሷ ያደገችው እንዲህ ባለ መንደር ነው፤ ቢሆንም ፋይሉ ፊት ስትቀመጥ ትዝ አላላትም። ሴቶቹ በሙሉ ሰንበቴ ሆነው ቀርተዋል።

ስሞቹን አንድ በአንድ መለሰቻቸው፤ ሰው በስልኩ ሳይሆን በአባልነት ቁጥሩ እንዲለይም አደረገች። የሌሎቹ ተራ ገና አልደረሰም። የዐርዋ ግን አልፏል። ሊቀመንበሩ ትራክተሩ አሁን ያለው ዳበሳ የሚባል አባል ማሳ ውስጥ ነው፣ እሱ ከፈቀደ ይመለስ አለ። አማልና ዐርዋ ባጃጅ ይዘው ሄዱ።

ዳበሳ ከማሳው ዳር ተቀምጦ እርሻውን ያያል። አማል ስህተቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው።

«ታዲያ ኮምፒውተርሽ ያጠፋትን ሴትዮ እኔ ልፈልጋት?» አላት።

«ኦቦ ዳበሳ፣ አልጠፋሁም» አለች ዐርዋ። «ፊትህ ቆሜያለሁ።»

ዳበሳ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ወደ ሰማዩ አየ። እሱም ዝናቡ እንዳይቀድመው ፈርቷል። ቀሪ መሬቱ ለሌላ ቀን ቢያድር በምን እንደምትክሰው ጠየቃት። ዐርዋ ለአረም ጊዜ የመንደሯን ሴቶች ይዛ እንደምትመጣ ነገረችው። ሴቶቹ መስማማታቸውን በምን አውቃለሁ ሲል አማል ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለወንድምአገኝ ደወለችና ሴቶቹን እንዲጠይቅላት ነገረችው። የወፍጮው ድምፅ ቆመ። ከዚያ የሴቶች ጫጫታ ተሰማ፤ አንዷ የዳበሳ አረም ከሰብሉ ይበልጣል፣ ምሳ ካለ ግን እንመጣለን ትላለች።

«ምሳ አለ» አለ ዳበሳ፣ ስልኩን ከአማል ተቀብሎ።

የጀመረውን ትልም እንዲጨርስለት ብቻ ጠበቀና ሹፌሩን በእጁ ጠራው። ትራክተሩ ከማሳው ወጥቶ ወደ መንደሩ ሲመለስ ዐርዋ ተሳፍራ ከመቀመጫው ጎን ቆማ ነበር፣ አንድ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ወሰኗ የት እንደሆነ ለሹፌሩ ከወዲሁ እየነገረችው።