ከአስፐን ሂል እስከ አሌክሳንድሪያ፦ ፋንዳንጎ ማለት ምን ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡15፣ አስፐን ሂል

አሜሪካ ብንኖርም ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ፀሐይ ገና አልወጣችም። በአፓርትመንቱ መኪና ማቆሚያ ሞተሩ የተነሳው የአንድ አሮጌ ቶዮታ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ዘለቀ የፊት መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ የመወልወል ልማዳቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም።

"ነዳጁ በእኔ፣ ጥያቄው በአንቺ" አሉኝ ቀበቶዬን ሳስር።

ልጃቸው ረድኤት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ናት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ፋንዳንጎ የተባለ የስፔን ጭፈራ ታቀርባለች። ለአባቷ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር አስይዛለች። እሳቸው ግን አልሄድም ብለዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ ወዳጃቸው ስልኩን አውጥቶ የቃሉን ፍቺ ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንብቦላቸዋል፦ ጫጫታ፣ እርባና ቢስ ነገር።

"እናቷ በወሊድ ከሞት ተርፋ ነው ረድኤት ያልኳት" አሉ መሪውን እየጨበጡ። "እኔ ስም የማወጣው ትርጉም መርምሬ ነው። ልጄ እርባና ቢስ በሚባል ነገር ስትዘል ቁጭ ብዬ ላጨብጭብ?"

"እሷስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች! 'ዳድ፣ ጀስት ካም' ነዋ። ማብራሪያው ሦስት ቃል፣ እሱም በእንግሊዝኛ።"

ውላችን ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ እየዞርን የስሙን ትርጉምና አጠቃቀም እንጠይቃለን። የማይጥመውንም ጭምር የማገኘውን ሁሉ እጽፋለሁ። አዳራሹ በር ላይ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ ይወስናሉ።

ጠዋት 1፡10፣ ዊተን

ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ያለ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት። ትሪና የብረት መቆንጠጫ ከበሩ አጠገብ አንስቶ ዳቦውን ራስ መምረጥ ነው። ጀርባው በስኳር የተሸፈነ ክብ ዳቦ፣ ቀረፋ ያለበት ቡና፤ ለሁለት ሰው ዘጠኝ ዶላር ከሃምሳ። ሻጯ ሴትዮ ፊቷ ላይ ዱቄት አለ። ከቬራክሩስ፣ ከሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ናት። ስለ ፋንዳንጎ በስፓኒሽ ስጠይቃት መቆንጠጫውን አስቀመጠች።

"እኛ ጋ ፋንዳንጎ ጭፈራው ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚሰበሰብበት ድግሱ ራሱ ነው። ከእንጨት የተሠራ መድረክ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ጊታር የያዙት ይከቡታል፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ ወጥተው በጫማቸው ይመቱታል። 'ቅዳሜ ፋንዳንጎ አለ' ከተባለ ሌላ ጥሪ አይጠበቅም።"

ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ዘለቀ ዳቦውን ቆርሰው አሰቡ።

"ሳይጠሩ የሚኬደው እኛ ጋ ለቅሶ ብቻ ነው በያት።"

አልኳት። እየተንከተከተች ሳቀች፣ አንድ ዳቦም በነፃ ጨመረችልን።

መኪና ውስጥ "እንግዲህ ድግስ ነው" አሉ ለስለስ ብለው።

"በእሷ አገር። ገና አንድ ምስክር ነው የሰማነው።"

"አንቺ ደግሞ ደስ አይልሽም።"

ከጠዋቱ 4፡05፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቤተ መጻሕፍቱ እንደተከፈተ ገባን። ሠራተኛዋ ትራስ የሚያክል መዝገበ ቃላት አምጥታ አስቀመጠችልን። ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው።

የመጀመሪያው ፍቺ፦ ፈጣን የስፔን ጭፈራ፤ ብዙ ጊዜ በጥንድ የሚጨፈር፤ ምቱ በሦስት የሚቆጠር፤ በጊታርና በካስታኔት፣ ማለት በመዳፍ ውስጥ በሚንቋቋ ጥንድ እንጨት፣ የሚታጀብ። ሁለተኛው፦ የማይረባ ነገር፣ ሞኝነት። ወዳጃቸው አልዋሸም። ያነበበው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

"ከየትስ ነው የመጣው ቃሉ?"

"ምንጩ በእርግጠኝነት አይታወቅም ይላል።"

ሌሎች ሁለት መጻሕፍት አገላበጥኩ። አንዱ ከፖርቱጋል ሳይሆን አይቀርም ይላል፣ ሌላው ወደ አፍሪካ ይጠቁማል። ሁለቱም "ምናልባት" ከሚለው ቃል አያልፉም። እኔም "ምናልባት" ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። "አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው? አባት የሌለው ስም! በቃ፣ እንመለስ።"

"ያልጠየቅነው አንድ ሰው አለ። አስተማሪዋ።"

"እሷማ ታሞግሰዋለች። የራሷ ገበያ ነው።"

"ታሞግሰው። ማሞገሷንም እጽፋለሁ።"

ቁልፋቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። ወደ አስፐን ሂል የሚጠመዘዙ መስሎኝ ነበር፤ ፍሬቻ ያበሩት ግን ወደ 495 አውራ ጎዳና ነው።

ቀን 7፡00፣ ስካይላይን

አውራ ጎዳናው ተጨናንቆ አርፍደናል። የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ የተሻገርነው በሰው እርምጃ ነው። በግራ የጭነት መኪና፣ በቀኝ ጣሪያው ላይ ፍራሽ ያሰረ ሚኒቫን። ጋሽ ዘለቀ ክላክስ አልነኩም። "ታክሲ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ የቆመ መንገድ አልቋል ማለት አይደለም" አሉ።

አስተማሪዋ ወይዘሮ ፒላር የሚኖሩት በሰፈሩ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደቡብ ስፔን ሰው ናቸው፤ ከጋሽ ዘለቀ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። ቀሚሶች እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ።

"ስድብ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አሉ ጋሽ ዘለቀ ገና ሳይቀመጡ።

በስፓኒሽ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ፒላር ያጠፉትን ቀሚስ አስቀመጡ። "ጫጫታ ያሉት ከውጭ ቆመው የሰሙት ናቸው። ገብቶ የጨፈረ ሰው እንዲህ አይልም። በእኛ አገር ጭፈራውም ዘፈኑም ፋንዳንጎ ነው፤ መንደሩ ሁሉ የራሱ አለው፣ በመንደሩም ስም ይጠራል። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። አውቃለሁ የሚልም ካለ አትመኑት።"

ጋሽ ዘለቀ አሁን ተቀመጡ። ያሞግሱታል ብለው ነበር የጠበቁት።

"እርስዎ የረድኤት አባት ነዎት? እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርዎ። መሃል ላይ ሙዚቃው በድንገት ይቆማል። ጨፋሪዋም ባለችበት ትቆማለች፤ እጇ አየር ላይ ከሆነ እዚያው አየር ላይ። የማያውቅ ሰው ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል፣ ያበላሸዋል። ከባዱ ቦታ እሱ ነው። ረድኤት በልምምድ ሁሉ እዚያ ላይ ትናወጣለች።"

"ለምን?"

"ወደ በሩ ታያለች።"

ይህን ስተረጉምላቸው ጋሽ ዘለቀ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ቁልቁል ምን እንደሚያዩ አልጠየቅኩም።

ከቀኑ 9፡40፣ አሌክሳንድሪያ

ሊስበርግ ፓይክ የሚባለውን መንገድ፣ ስሙን ቀይሮ ኪንግ ስትሪት እስኪሆን ተከተልነው። አዳራሹ ፊት ለፊት አቆሙ፤ ሞተሩን ግን አላጠፉም።

"አንብቢ።"

አነበብኩ። የስፔን ጭፈራ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ድግስ ነው። እንግሊዝኛ ለማይረባ ነገርም ይጠቀምበታል። ምንጩ አይታወቅም።

"አንቺ ራስሽስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ የምለው የለም፣ ጋሼ። የተገኘው ይኸው ነው።"

"ግቢ አንቺ" አሉኝ።

ውስጥ ሰባ የሚሆኑ ወንበሮች፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም ተይዘዋል። ያቺ ባዶዋ ላይ በወረቀት "ዳድ" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ከፊት ረድፍ ጎን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከኋላዬ የረድኤት የክፍል ጓደኞች፣ ሦስት ረድፍ ሙሉ ሐበሻ፣ ስልካቸውን አዘጋጅተዋል። ጊታሩ ጀመረ። ረድኤት ከሌላ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ገጥማ ወጣች፤ ካስታኔቱ ተንቋቋ፣ ተረከዟ የመድረኩን እንጨት መታ። አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ እየፈጠነ ሄደ።

ከዚያ ጊታሩ ቀጥ አለ። ረድኤትም ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ እንዳነሳች ቆመች። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። ከኋላዬ ሁለት ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሦስተኛ ጨመረ።

"ኧረ ተው! አላለቀም!"

ድምፁ ከበሩ ነው። ጋሽ ዘለቀ የመኪና ቁልፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ጭብጨባው ተቆረጠ። ረድኤት አየቻቸው። እጇ ንቅንቅ አላለም። ጊታሩ ሲመለስ እሷም ከቆመችበት ቀጠለች።

ምሽት 12፡20፣ የመልስ መንገድ

ረድኤት ከኋላ ወንበር ጫማዋን አውልቃ ካስታኔቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። "ዳዲ፣ ሰው ፊት ጮህክ እኮ" ትላለች፤ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ቀይ መብራት ላይ አባቷ ወደ እኔ ዞሩ። "ነገ ቤተ ክርስቲያን ያን ሰውዬ አገኘዋለሁ። ትርጉሙን በአጭሩ ጻፊልኝ።"

ከማስታወሻዬ ገጽ ቀድጄ ጻፍኩና ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ሳያደርጉ ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አነበቡት።

"ትርጉሙ ደህና ነው። አጠቃቀሙ ግን ጎደለ።" ወረቀቱን መለሱልኝ። "መሃል ላይ ሲቆም አይጨበጨብም ብለሽ ጨምሪበት።"

ጨመርኩበት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።