ከለቅሶ ቤት የወሰድኩት ናሙና

እናቴ ሥራዬን ሲጠይቋት “ስፖርት ላይ ነው የምትሠራው” ትልና ወሬውን ወደ ሌላ ትወስደዋለች። አልፈርድባትም፤ እኔም ለማስረዳት ይቸግረኛል። መርሳ ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያየሁትን ሥልጠና ተወዳድሬ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አትሌቶች አበረታች ቅመም መውሰድ አለመውሰዳቸው የሚመረመርበትን ሽንት የምሰበስብ ባለሙያ ሆንኩ። አሸናፊዋ ሜዳሊያ አጥልቃ ፎቶ ስትነሳ፣ ከኋላዋ ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል የምትጠብቃት ሴት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ አልወጣም።

ሥራውን የወደድኩት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ይመስለኛል። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ስውል እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይውል ነበር። አሁን ግን ስልክ ሲደወል ተነስቼ እሄዳለሁ። ለማን እንደምሄድ ለማንም አልናገርም፤ አትሌት የሚመረመረው ሳይነገረው ነውና። እያንዳንዳቸው በየቀኑ የሚገኙበትን ቦታና አንድ ሰዓት አስቀድመው ያስመዘግባሉ። እኛ በዚያ ሰዓት ሳንጠራ እንደርሳለን።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ወልድያ ለውድድር መጥቼ ሳለ አንድ ትእዛዝ ደረሰኝ። አንዲት የረጅም ርቀት ሯጭ ከሁለት ቀን በፊት አድራሻዋን ከአዲስ አበባ ወደ ግራና አካባቢ ቀይራለች። ሰዓቷ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ ነው። “የአገሩ ሰው አንቺ ነሽ፤ ሂጂ” አሉኝ።

ማለዳ ከሾፌሩ ጋር ተነሳን። መርሳ ስንደርስ መኪናው በእናቴ በር አጠገብ ሲያልፍ ወንበሩ ላይ ዝቅ አልኩ። አንድ ሰው ካየኝ ወሬው ቀድሞን ግራና ይገባል። ሳንቆም አለፍን።

ቤቱን ያገኘነው ከግራና አለፍ ብለን ነው። ድንኳን ተጥሏል። ወንዶች ደጅ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ከውስጥ የሴት ልቅሶ ይሰማል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና፣ “እንመለስ እንዴ?” አለኝ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። “ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ቦታው ላይ ያለሽው ግን አንቺ ነሽ” ብሎ ዘጋው። ከመኪናው ወረድኩ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ እንደገና ወረድኩ። ብመለስ የሚወቅሰኝ የለም። ግን ድንገት አድራሻ የምትቀይር አትሌት ናት የምትጠረጠረው። ንጹሕ ከሆነች ደግሞ ሳልመረምራት ብሄድ ጥርጣሬው እኔ ውስጥ ይቀራል። የመታወቂያ ባጄን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ፣ ሻሼን አጥብቄ ገባሁ።

“አሰላሙ አለይኩም። አላህ ያጽናችሁ” አልኩ። ለለቅሶ የመጣሁ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሯጯ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል። ዐሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሳልል ቆየሁ። ያቺ ዐሥር ደቂቃ እስካሁን ታሳፍረኛለች፤ በውሸት ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ጠጋ ብዬ ማን እንደሆንኩ በጆሮዋ ነገርኳት።

“ዛሬ?” አለችኝ።

“ዛሬ።”

“አባቴ ታሞ ነው የመጣሁት፤ የቀበርነው እኮ ትናንት ነው።”

“አላህ ጀነት ያስገባቸው። ለቅሶሽን አላቋርጥብሽም። ብቻ ከዓይኔ አትራቂ።”

አክስቷ ሰማች። “ምንድን ነው የምትልሽ?”

“ለሥራ ነው፣ አክስቴ። ለምርመራ ሽንት ልትወስድ ነው።”

አክስትየዋ ወደ እኔ ዞረች። “የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ሽንት ፍለጋ መጣሽ? አንቺን ሰው ነው የወለደሽ?”

“ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ…”

“አልልም!”

እናትየዋ ድምጿ እስኪጠፋ ያለቀሰች ሴት ነበረች። እጇን ብቻ አነሳች። “ተያት፤ ቤታችን የመጣች እንግዳ ናት” አለች። ከስድቡ ይልቅ ይህ ነው አንጀቴን የበላኝ።

ሯጯ ቅጹን ፈረመች። ሽንት ግን አልመጣ አላት። ከትናንት ጀምሮ ውኃ በአፏ አልዞረም። የታሸገ ውኃ ሰጥቻት፣ ናሙና እስክትሰጥ ከዓይኔ መጥፋት ስለሌለባት እንደ ጥላ ተከተልኳት። ከውርጌሳ የመጡ ዘመዶቿን ልትቀበል ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። ውዱእ ስታደርግ አጠገቧ ቆምኩ፤ ስትሰግድ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ሰዉ ይንሾካሾክ ጀመር። አንዷ “ፖሊስ ናት” ስትል ሰማሁ። ደጅ ከተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ።

“የመርሳዋ ልብስ ሰፊ ልጅ አይደለሽም?”

“ነኝ፣ አባባ።”

“እናትሽ እዚህ መሆንሽን ታውቃለች?”

“አታውቅም።”

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዱዓቸው ተመለሱ።

ወደ አራት ሰዓት ሲሆን ሯጯ ተነስታ አየችኝ። መጸዳጃው ከቤቱ ጀርባ በማሽላ አገዳ የታጠረ ነው። ሽንቱ ከሰውነቷ ሲወጣ በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ሕጉ ነው። ይህን ከብዙ ሴቶች ጋር አድርጌዋለሁ፤ በስታዲየምም፣ በሆቴልም።

“ዙሪልኝ ብልሽ አትዞሪም፣ አይደል?” አለችኝ።

“አልዞርም።”

ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች፤ ኩባያውንም እያለቀሰች ሞላችው።

ማሸጉን በእናቷ መኝታ ቤት፣ የልብስ ሣጥን ላይ አደረግነው። ጠርሙሶቹን ራሷ መረጠች፣ ራሷ ቀዳች፣ ቁጥሮቹንም ጮክ ብላ አነበበች። አክስትየዋ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ “ለምን እሷ ታደርገዋለች? ሥራው ያንቺ አይደል?” አለች።

“የእኔ እጅ እንዳይገባበት ነው፣ እትዬ። ነገ ማንም ተነስቶ ሽንቷ ተቀየረ እንዳይል።”

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ለወንድሟ ልጅ፣ “እንግዲያ ክዳኑን አጥብቂው” አለቻት።

ቅጹ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሯጯ “ምንም የለኝም” ብላ ጻፈች።

ስንመለስም መርሳ አልቆምንም። ከተማዋን ሳንጨርስ ስልኬ ጮኸ።

“በደጄ ሁለቴ አለፍሽ” አለች እናቴ። “ለቅሶ ቤት ሽንት ስትለቅሚ አረፈድሽ አሉ።”

“ሥራዬ ነው፣ እማ።”

“ከሰዎቹ ጋር እህል ቀምሰሻል?” አለችኝ።

“አይፈቀድልኝም።”

“በይ፣ እኔ እሄዳለሁ።”

በማግሥቱ ምግብ አሸክማ ሄደች፤ ቀኑን ሙሉም እዚያው ዋለች። ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም። “አክስትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንድሟ ሞቶባት ነው” ብቻ ነው ያለችኝ።

ውጤት የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ተከታትዬውም አላውቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን መጠበቅ አቃተኝ። ቅመም ቢገኝባት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ንጹሕ መስላ የዋሸች እሷ ትሆናለች፤ ባይገኝባት ደግሞ ያለ ምክንያት ሐዘን ያረከስኩት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ቢሮ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር፤ ጸሐፊዋ በእኔ ተሰላቸች። በመጨረሻ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ፤ ግን ዕረፍት አልሰጠኝም። ያቺ ዐሥር ደቂቃ ገና አብራኝ ነበረች።

ከወራት በኋላ ሯጯ አንድ ውድድር ላይ ሦስተኛ ወጣች። ባጄን አንጠልጥዬ ስቀርባት ገና ታለከልካለች።

“ዛሬም አንቺ?”

“ዛሬም።”

አትሌቶች ምርመራ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያን ቀን ለቀስተኛ መስዬ መቀመጤ እንዳልለቀቀኝ ነገርኳት። ውኃዋን ጠጣችና፣ “አስመስለሽ አልነበረም፤ እንባሽን አይቻለሁ” አለች።

ማልቀሴን እኔ አላስታውስም። እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ ብላ፣ አልጠየቅኳትም። ሁለተኛ የወጣችው ሯጭ ገብታ ስለነበር ቅጼን ይዤ ተነሳሁ።