ሁለት ወጠጤ የታረደለት የበረዶ ጫፍ

ጠቅላላ ወጪው ሁለት ወጠጤ፣ ግማሽ ጆንያ ሩዝና የአንድ ቀን ገበያ ነው። ያወጣሁት በደቡብ ዋልታ ላለ፣ በዓይኔ አይቼው ለማላውቅ የበረዶ ጫፍ ስም ለማውጣት ነው።

ዓደን፣ በሳቲን ሰፈር በረዶና ቀዝቃዛ ውኃ እሸጣለሁ። የሱቄ ግድግዳ ተሰንጥቆ በረሮ ሲያስገባ ኮርማክሳር ሰፈር ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ትልቅ ካርታ ገዝቼ ለጠፍኩበት። እንግሊዞች ጥለውት የሄዱት የደቡብ ዋልታ ካርታ ነው። ነጭ ስለሆነ ሱቁን የሚያቀዘቅዝ መሰለኝ።

የሱቁ ባለቤት ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። አንድ ቀን መጥተው «በወሩ መጨረሻ ልቀቅ፤ የሚስቴ ወንድም ሞባይል ሊሸጥበት ነው» አሉኝ። ይህን ከለቀቅሁ ፍሪዘሬን የምሰካበት ሌላ ቦታ የለኝም። ልለማመጥ አፌን ስከፍት ዓይናቸው ካርታው ላይ ቀረ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ነው?»

«የበረዶ ነው፣ ያ አሚ፣ አጎቴ። በመርከብ የደረሰ ሁሉ በራሱ፣ በንጉሡ፣ በሚስቱ ስም እየሰየመ ተመልሷል።»

«ይሄስ?» ባሕር ውስጥ የሾለ፣ ምንም ያልተጻፈበት ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እስካሁን ጠያቂ የለውም።»

አከራይ ባዶ ቦታ ሲያይ ያመዋል። እስክሪብቶ አወጣሁና የእሳቸውን ስም ጻፍኩበት። ካርታው የኔ፣ እስክሪብቶው የኔ፤ ማን ይከለክለኛል?

ተቀመጡ። «ጎረቤቴ ማነው?»

«ፔንግዊን የሚባል ወፍ። ረብሻ የለውም።»

«ኪራይ ይከፍላል?»

«ገና አልተጠየቀም።»

ሊሄዱ ተነስተው መለስ አሉ። «ስም ያለ አቂቃ ይወጣል እንዴ? ልጅ ሲወለድ ለሴት አንድ፣ ለወንድ ሁለት ወጠጤ ይታረዳል።»

«ሴት ናት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ባሕሩን እንዴት እንደሚጋፋው አታይም? ወላሂ ወንድ ነው! ስም ያወጣኸው አንተ ነህ፤ የምታርደውም አንተ።»

ፍሪዘር ተሸክሞ ከመንከራተት ይሻላል ብዬ አረድኩ። የመስጊዱ ሼኽ ለበረዶ አቂቃ እንደሌለ ተናግረው፣ ሥጋው ሰደቃ ይሁን ብለው፣ ቁጭ ብለው በሉ። ሰፈሩ ግን ሐጂ ወለዱ ብሎ ነበር የመጣው።

«ማንን መሰለ?» አለች ጎረቤቴ ሻይ ሻጯ።

«አይናገር፣ አይስቅ፤ ብርድ ብቻ ነው።»

«አባቱን ነዋ!»

ሐጂ ሰምተው ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሚስታቸው ወንድም ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ «ልጄ የተሰቀለበትን ግድግዳ ለሞባይል?» ብለው አባረሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሱቅህ አሁን ባሕር ያያል፤ ኪራዩ ይጨምራል።»

ሒሳቡ፦ ሱቁ አለ፤ ኪራዩ ጨምሯል፤ ወጠጤ የለም።