በቃሌ የቀረችው መዝጊያ

የታሰረውን የሚጎበኝ፣ የተረሳውን የማይረሳ እግዚአብሔር ስሙ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሳምንት በስልኬ የደረሰኝ አንድ ዘፈን የሸዋ ሮቢትን እስር ስላስታወሰኝ ነው።

በአደባባይ በተናገርሁት ቃል ተይዤ ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ወበቁ ነበር። ቆርቆሮው ግሎ የአንዱን ላብ ሌላው ይተነፍሰዋል። እስረኞቹ የድጓ መምህር መሆኔን ሲሰሙ «የኔታ» ብለው በስንጥቁ ጥቂት ነፋስ በሚገባበት በተዘጋው የበሩ መስኮት ሥር ቦታ ለቀቁልኝ።

ከጎኔ አንድ አረጋዊ ድምፃዊ ነበር። በወጣትነቱ በአገራችን ሮክ ከጀመሩት ባንዶች በአንዱ ዘፍኗል። ያወጡት አልበም አንድ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ዐርፈዋል፤ የቀረችው ካሴትም ከቤቱ ጋር ተቃጥላለች። በማግስቱ ወደ ሌላ እስር ቤት ሊወስዱት ነው።

ከቀትር በኋላ «የመጨረሻዋ ዘፈን መዝጊያ ጠፋኝ» አለ። «እኔ ከረሳኋት ማን ያስታውሳታል?»

«ጣርማ በርን ስወርድ እሱን ነበር የምከፍተው» አለ የከባድ መኪና ሾፌሩ። «ከበሮው ሲጀምር ሞተሬ የተሰበረ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ወርጄ አይቻለሁ። መዝጊያውን ግን ቴፑ በላብኝ።»

የጀውሃው የሽንኩርት ነጋዴ ሳቀ። «ወላሂ ጋሼ፣ ድምፅዎ ማር ነበር። ጊታሩ ግን ቢላ የሚስሉበት ይመስላል። ለሠርጌ ባስከፍተው አማቴ ተነሥተው ወጡ።»

ድምፃዊውም ሳቀ፤ ወዲያው ግን አቀረቀረ። መዝጊያውን የሚያውቅ አልተገኘም።

እኔ ዐውቀው ነበር። በጎልማሳነቴ ያን አልበም ከዐውደ ምሕረት ላይ ገሥጬዋለሁ። ሳይሰሙ መገሠጽ አይገባም ብዬ ከጎረቤት ቴፕ ተውሼ ደጋግሜ አዳመጥሁት። እኛ ዜማ የምንይዘው ከመምህር አፍ በመስማት ነውና፣ ስብከቱን ሳዘጋጅ ጆሮዬ በለመደው መንገድ አልበሙን በሙሉ በቃል ያዘ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የኔታ ብለው ባከበሩኝ ሰዎች ፊት መዝፈን ከበደኝ። ነገር ግን ሰውየው ነገ ሂያጅ ነው። ጉልበቴን በመዳፌ እየመታሁ ጀመርሁ፦

ወንዙ ሞላ ብዬ ከዳር አልመለስም፤
ጎርፍ ይጎድላል እንጂ መንገዱ አይፈርስም።

«የኔታ፣ ይሄማ ማሕሌት ሆነ!» አለ ሾፌሩ።

ድምፃዊው አልሳቀም። «እሷ ናት፤ አንዷን ቦታ ብቻ እንደ ማሕሌት ሳቧት» አለ። እንደ ተማሪዬ ሦስት ጊዜ አስደገምሁት።

ዘፈን ክልክል ነበር። ጠባቂው የበሩን መስኮት ከፈተ። «ማነው የዘፈነው?»

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ።»

«አባ፣ እርስዎ?»

«አዎን፣ እኔ።»

ጥቂት አየኝና መስኮቷን ሳይዘጋ ሄደ። ያን ቀን እስከ ማታው የእስረኛ ቆጠራ ድረስ ነፋስ ገባልን።

ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ያ ዘፈን ነው። ድምፃዊው ተፈቶ፣ ከወጣቶች ጋር እንደገና ተጫውቶታል። ጊታሩ ዛሬም ቢላ ይስላል። መዝጊያው ላይ ሲደርስ ግን መሣሪያው ሁሉ ዝም ይላል፤ ብቻውን እኔ ባስደገምሁት ዜማ፣ ከነስሕተቴ ያወርደዋል። ያላረመው ትክክለኛውን ረስቶ እንዳይደለ ዐውቃለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ሰላም ይሙላው፤ ከማዕድህ የጎደለ ቢኖር በጤና ይመልስልህ። የሞላብህንም ወንዝ ያጉድልልህ። አሜን።