በቀርከሃ ጫፍ የተላከች መንኮራኩር

በቀል ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ተናዝዣለሁ። እንዴት እንደጣፈጠኝ ግን አልነገርኳቸውም።

ነገሩ የተጀመረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ስብሰባ ላይ ነው። በስልኬ ያየኋትን ጉድ ላስረዳ ተነሳሁ። ኳስ የምታክል መንኮራኩር ናት፤ ሰው አይሳፈርባትም። ጠፈር ላይ ካለው ጣቢያ ትወጣና ጋዝ እፍ እያለች ዙሪያውን ትንሳፈፋለች፤ በካሜራዋ የተጫረውንና የተበሳውን ትፈትሻለች። ለአንዲት ቀዳዳ ሲባል ሰው ነፍሱን አስይዞ አይወጣም ማለት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳቀ። በር ለበር የምንኖር ጎረምሳ ነው፤ ሃምሳ ቢያልፈውም ለእኔ ጎረምሳ ነው።

«አባባ፣ የራስዎ ጣሪያ አልጋዎ ላይ እያፈሰሰ የሰማዩን ቤት ሊጠግኑ ነው?»

ግቢው በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «አባባ ሳተላይት» ሆኖ ቀረ። ማፍሰሱን ያመለከትኩት ለራሱ ነበር እኮ! «ቆርቆሮው ደህና ነው፤ አልጋዎን የሚያረጥቡት እርስዎ ይሆናሉ» ብሎ መልሶኛል። በዚህ ዕድሜ አልጋ አረጠበ መባልን ለጠላቴም አልመኝ። ኧረ ለእሱስ እመኛለሁ።

ጣሪያ እንዳልወጣ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ረጅም ቀርከሃ ገዛሁ፤ ስልኬን ጫፉ ላይ አሰርኩና ቪዲዮ እየቀረጸ ከበረንዳዬ ወደ ላይ ሰደድኩት። የመጀመሪያው በረራ ያገኘው የገዛ ራሰ በራዬን ነው፤ ካሜራውን ገልብጬው ኖሯል። ሁለተኛው ሰመረ። የሰብሳቢው ዲሽ፣ ልክ ከአልጋዬ በላይ፣ ቆርቆሮው ተበስቶ ተተክሏል፤ ቀዳዳው ላይ ፌስታል ተወትፎበታል። «አገኘሁህ!» አልኩና የቀረውን ሳላይ ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስልኬን ከእጅ ወደ እጅ አዞርኩት። ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆነ። እኔ ጢሜን እያሻሸሁ ሳለሁ በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ጮኸች።

«ቆይ አባባ፣ እነዚህ አራት ቀዳዳዎችስ?»

ቻናሎቹ ወደ ሌላ ሳተላይት የተዛወሩ ጊዜ ብሎኩ በሙሉ ዲሹን ነቅሎ ሲተክል ነበር። እኔም የእኔን ወደ በረንዳ አውርጄ የአራቱን ብሎኖች ቀዳዳ መድፈኑን ረስቼዋለሁ። የአልጋዬን ግማሽ ያረጠብኩት እኔው ነኝ!

«አላልኩም?» አለ ሰብሳቢው።

የእኛ ሽምግልና አንዱን ብቻ ቀጥቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ «ጣሪያው እስኪደፈን የሁለታችሁም ዲሽ ይውረድ» ብለው ፈረዱ። የእኔ ምንም ያልበደለው የበረንዳ ዲሽ ጭምር። እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። እሱ ኳስ ካላየ እንደሚታመም ብሎኩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ኳስ አልወድም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሕንፃው በሙሉ «ጎል!» ብሎ ተናወጠ። በሬን ከፈት አደረግሁ። ሰብሳቢው ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደ ነው።

«ልጄ» አልኩት በትሕትና፣ «ማን አገባ?»