ሰንበት ያከበረው ማሽን

የዓለምወርቅ መቀመጥ አይሆንላትም። ፀዳ ሠፈር የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቃት ቆማ ነው። እንግዳ ጋብዛ እንኳ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ታጫውታለች እንጂ ወንበር አትስብም። ጎረቤቷ ምንዳዬ፣ «የዓለምወርቅ የምትቀመጠው ስብከት ሲረዝም ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ጎኗ» እያለች ትስቅባታለች።

ዘንድሮ ግን ከመስከረም ጀምሮ ባሰባት። ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓሮ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ስትመላለስ ትውላለች። ምክንያቷ አባቷ ናቸው።

የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ደባርቅ ላይ አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸው ዘንድ ጎንደር ወርደው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ገና ነው። ከቤተ መቅደስ በቀር ከጣሪያ በታች ዜማ አይሉም። ተማሪዎቻቸውንም ያስተማሩት ዛፍ ሥር ነበር። «ዜማ እንደ ጭስ መውጫ ይፈልጋል» ይላሉ። ፀዳ ከመጡ በኋላም በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከጓሮው ዘይቱና ሥር ይቀመጡና፣ መሬቱን በመቋሚያቸው መታ መታ እያደረጉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያዜማሉ።

የዓለምወርቅ ያን ሰዓት ትናፍቀዋለች። ልጅ ሳለች የአባቷን ዜማ የምትሰማው በግድግዳ ማዶ ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ እሷ ጌሾ ትወቅጣለች፣ እህል ታበጥራለች። እጇ ሲሠራ ጆሮዋ ተማረ። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለአባቷም ቢሆን።

የጓሮው ጠንቅ ከአጥሩ ማዶ ነው። ጡብ ሠሪዎች አፈር አውጥተውበት ትተውት የሄዱ ሰፊ ጉድጓድ አለ። ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ትንኝ ያፈላል። አምና በጥቅምት የኔታን ወባ ጣላቸው። ከሞት የተረፉት በስንት መከራ ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስም፣ «ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደጅ የለም፤ ማታ አጎበር» ብላ አስጠነቀቀች። አምና ታገሡ። ዘንድሮ ትንኟ ስትመለስ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«የዓለሜ» አሏት አንድ ቀን ከአጎበሩ ውስጥ። «ምንድን ነው ይህ መረብ? ዓሣ ነኝ እንዴ?»

«ለጤናዎ ነው፣ አባ።»

«ወይ ደጅ አስቀምጪኝ፣ ወይ ደባርቅ መልሺኝ። ደባርቅ ብርድ ነው። እዚያ ትንኝ ብትሄድ ጋቢ ትለምናለች።»

በማግስቱ ወንድሟ አስናቀው ከደባርቅ ደወለ። «እታለም፣ አባ ነግረውኛል። ለኅዳር ጽዮን መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።» አስናቀው ሸጋ ሰው ነው፤ ግን እህል ነጋዴ ነውና በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ከቤቱ አያድርም። አባቷን ማን ያያቸዋል? ማን ከዛፍ ሥር ያስቀምጣቸዋል? ያን የተራራ መንገድ ከወጡ በኋላ ቀጥላ የምታያቸው ለቀብራቸው እንደሚሆን ልቧ ነገራት።

ከዚያ በኋላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሰች፤ ከትንኟ በፊት የኔታን አሳላቸው። ጓሮውን ዙሪያውን ጤና አዳም ተከለች፤ ትንኟ ደስ ብሏት አረፈችበት። በመጨረሻ አካፋ ይዛ ጉድጓዱን ልትደፍን ተነሣች። ምንዳዬ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ አየቻትና፣

«ምነው የዓለምወርቅ! ስትጨርሺ ጣናንም አብረሽ ድፈኚልን እንጂ!» አለቻት።

ትንኝ የሚይዘውን ማሽን ያመጣችላት ሶሊያና ናት። ሶሊያና በግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት፤ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር በአንድ ሎጅ ትሠራ ነበር። ሎጁ ሲዘጋ ባለቤቱ፣ «ለእናንተ ሠፈር ይጠቅማል» ብሎ ሰጣት። ቁመቱ እንደ ትንሽ በርሜል ነው፤ ጎኑ ላይ ቱቦ አለው፤ ቱቦው ከቡታጋዝ ሲሊንደር ጋር ይያያዛል። አፉ ላይ ማራገቢያ፣ ሆዱ ውስጥ የመረብ ከረጢት አለ።

«ጋዙን በትንሽ በትንሹ ያነዳል» አለች ሶሊያና። «የሚያወጣው ሙቀትና አየር እንደ ሰው ትንፋሽ ነው። ትንኟ ሰው አገኘሁ ብላ ትመጣለች፤ ማራገቢያው ስቦ ከመረቡ ይከታታል። ጉድጓዱ አጠገብ እናቁመው፤ የኔታ ከሚቀመጡበት ይራቅ፣ ያለዚያ ወደ እሳቸው መጥራት ነው።» ከዚያ ጣቷን አነሣች። «ዋናው ነገር፣ እትዬ፣ ሥራ እንዳያቋርጥ። ወር ተኩል ያህል ይሥራ።»

«ይሠራል!» አለች የዓለምወርቅ። «እኔን አታውቂኝም?»

ጥቅምት አንድ ቀን ተለኮሰ። በማግስቱ ማለዳ መረቡን ስትፈታው ጥቁር ጤፍ የመሰለ እፍኝ ሙሉ ትንኝ ወጣ። የዓለምወርቅ በሰፌድ አድርጋ ለምንዳዬ አሳየቻት።

«ይበል» አለች ምንዳዬ። «እኛ ወጥ መሥሪያ ቡታጋዝ አጥተናል፤ አንቺ ትንኝ ትቀልቢበታለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት የኔታ ደጃፍ ወጥተው ጆሮአቸውን ወደ ጓሮ ጣሉ። «ይህ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?»

«ትንኝ የሚይዘው ማሽን ነው፣ አባ። እየሠራ ነው።»

«በሰንበት?»

የዓለምወርቅ ክው አለች። በዚያ ቤት በቀዳሚትም በእሑድም ሙቀጫ ተሰምቶ አያውቅም። ሮጣ ሄዳ የጋዙን ቁልፍ ዘጋች። ሰኞ ማለዳ ከፈተችው። ከዚያ በኋላማ ራሷ ጠንቃቃ ሆነች፤ በሥላሴ አሳረፈችው፣ በሚካኤል አሳረፈችው፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በእመቤታችን፣ በመድኃኔ ዓለም፤ አንዱንም አልዘነጋችም። እንዲያውም በልቧ ኮራች። ሌላው ሰው ቢሆን ለብረት በዓል ያስከብር ነበር?

ትንኟ ግን አልቀነሰችም። በየማለዳው እፍኝ፣ በየማለዳው እፍኝ። ማታ ማታ የዓለምወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ገልጣ ዘይቱናው ሥር ትቆማለች። ምን ያህል እንደምትነከስ ትቆጥራለች። ዘጠኝ። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። ከዚያ ገብታ የአባቷን ልብስ ለጉዞ ካዘጋጀችው ቦርሳ ታወጣለች፤ ቆይታ መልሳ ትከታለች።

ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን፣ ዕለቱም እሑድ ነበር፣ ሶሊያና ልብስ ልታወርድ ወደ ጓሮ ዘለቀች። ቆማ አዳመጠች።

«እትዬ፣ ምነው ዝም አለ? ተበላሸ?»

«ኧረ ደኅና ነው። ሰንበት ስለሆነ ነው።»

«ሰንበት ስለሆነ ምን?»

«አሳረፍሁት።»

«ሁልጊዜ ታሳርፊዋለሽ?»

«ለሰንበት ነዋ። ለበዓላቱም።»

ልጅቱ ሳቋ ፈነዳ። ከገመዱ ያወረደችውን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። የዓለምወርቅ ቀላች። ሶሊያና ይህን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «እትዬ፣ ይቅርታ። ግን እኮ ግማሹን ወር ሥራ ፈቶ ከርሟል! ማሽኑ ሲያርፍ ትንኟ እንቁላሏን ትጥላለች። ከአንዷ ስንት መቶ ይፈለፈላል። እሷ ሰንበት አታከብርም።»

የዓለምወርቅ በጣቷ ቆጠረች። ለጽዮን የቀረው ሃያ ሦስት ቀን ነው። አንድም ቀን ማሳረፍ አይቻልም። አባቷን ሳትጠይቅ ማሽኑን በሰንበት መክፈት ደግሞ ከቶ አይሆንላትም። ጠይቃቸው እምቢ ካሉ አበቃ። ሦስት ጊዜ ከበራቸው ደርሳ ተመለሰች። በአራተኛው ራሳቸው ጠሯት።

«ምነው? እግርሽ በሩን ፈጀው እኮ።»

«አባ፣ ያ ማሽን ነው...»

«ይረፍ። ሰንበት ነው።»

«ያን ጊዜ ይሠራል ብዬ የነገርሁዎ እኔ ነኝ። ሥራ አይደለም የሚሠራ። ቃሉ ጠፍቶኝ ነው።»

«እና ምን ያደርጋል?»

«ይተነፍሳል።»

«ምን?»

«ይተነፍሳል፣ አባ። እንደ ሰው። ትንኟ ሰው መስሏት ትመጣለች፤ ስትቀርብ ወደ ውስጥ ይምጋታል። ሌላ ነገር የለውም።»

የኔታ የመቁጠሪያቸውን ፍሬ አንድ በአንድ በጣታቸው አሳለፉ። ለየዓለምወርቅ ቆጠራው ከማኅሌት ይልቅ ረዘመባት።

«መተንፈስ ብቻ?»

«መተንፈስ ብቻ።»

«ታዲያ ምን አድርጎሽ ነው ወር ሙሉ ስታንቂው የከረምሽ?» አሉ። «መተንፈስ በሰንበት የተከለከለ ቢሆን ኖሮ ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ባለቀ ነበር! ሂጂ፣ ክፈቺው።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ መውደቁን ያወቀችው ቁልፉን ከከፈተች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አልተቋረጠም። እሷም አልተቋረጠችም። ሌላው ሁሉ እያረፈ እሷ ትዞረዋለች፤ መረቡን ታያለች፤ ሲሊንደሩን ታንኳኳለች። እፍኙ ወደ ማንኪያ ወረደ። ክንዷን ገልጣ ስትቆም ስምንት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሦስት። ኅዳር አሥራ አራት ቀን ጋዙ አለቀ። በባጃጅ መሀል ከተማ፣ አራዳ ወጣች፤ ባዶ ሲሊንደር ከታቀፉ ሰዎች ጋር ግማሽ ቀን ተሰለፈች፤ ወረፋው ሳይደርሳት ዕቃው አለቀ ተባለ። ባዶዋን ስትመለስ ምንዳዬ የራሷን ሲሊንደር ከደጇ አቁማ ጠበቀቻት።

«ለወጤ ከሰል አለኝ» አለች ወደ ሌላ እያየች። «የኔታን ወስደው ሠፈሩ ዝም ሲል አልወድም። ደግሞ ትንኟን ያሳነሳት ማሽንሽ ነው ብለሽ እንዳትኮሪ። ኅዳር ገብቶ ውሃው እየሸሸ ነው።»

«ማንም ይሁን፣ ትሂድልኝ እንጂ!» አለች የዓለምወርቅ፤ ሲሊንደሩንም እንደ ሕፃን አቀፈችው።

በጽዮን ዕለት አስናቀው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። የአባቷ ቦርሳ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ በዚያው ቀን አራት ጊዜ ተፈትቶ ታስሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የኔታ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «እስቲ ይታይ» ብለው ወደ ጓሮ አመሩ፤ አስናቀውም ተከተላቸው። ከጉድጓዱ ወገን ማሽኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጉረመርማል።

የዓለምወርቅ የአባቷን እጅ ታያለች፣ አንገታቸውን ታያለች። ድንገት አስናቀው ማጅራቱን በጥፊ ጧ አደረገው።

«ያዝኋት!»

የዓለምወርቅ ወደ እሱ ዘለለች። አስናቀው መዳፉን ገለጠ። የደረቀ የዘይቱና ቅጠል ስባሪ ነው።

«ይህ ደባርቄ» አሉ የኔታ ነገሩን ሲነግሯቸው፣ «ቅጠል የሚነክስ መሰለው።» ሳቁ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ያን ወር ሙሉ የታፈነ ዜማ ለቀቁት። አጥሩን አልፎ ሄደ። ምንዳዬ ከወዲያ ሥራዋን ትታ ቆመች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንዲት ትንኝ መጣች። እህትና ወንድም አዩዋት። በየኔታ ጉልበት ላይ ዞረች፤ የዓለምወርቅ ነጠላዋን አወናጨፈችባት፤ ወደ ጉድጓዱ ወገን በረረችና ጠፋች።

«ልጄ» አሉ የኔታ ወደ አስናቀው ዞረው፣ «ከዚህ በላይ ሳይመሽብህ ሂድ። ሊማሊሞን ባትሻገርም መንገዱ ዳገት ነው።»

«እርስዎስ፣ አባ?»

«እኔ አልጨረስሁም።»

አስናቀው እህቱን አያት። ቦርሳውን ራሱ አንሥቶ ወደ ክፍላቸው መለሰው።

የዓለምወርቅ መኪናውን ሸኝታ ስትመለስ፣ አባቷ መቋሚያቸውን ከጎናቸው ካለች ዱካ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ቁጭ በይ።»

«መረቡን ልየው፣ አባ...»

«መረቡ የትም አይሄድም። ቁጭ በይ። ጌሾ ስትወቅጪ ከግድግዳ ማዶ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ያላየሁ መሰለሽ? ያን ጊዜ ዓይን ነበረኝ እኮ።»

የዓለምወርቅ ተቀመጠች። መጀመሪያ በአንድ ጎኗ ነበር።

«በይ፣ እኔ ልጀምር» አሉ የኔታ፣ «አንቺ ተቀበዪኝ።»